ጥርስ ባዳ ነውን?

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል የአገራችን ሰው። አንድ መንገደኛ ጭቃ አድጦት ሲወድቅ፣ ተመልካቹ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ጥርሱ ቀድሞ ይገለጣል፤ የወደቀው የገዛ ወንድሙ ቢሆን እንኳ። ሣቁን ከጨረሰ በኋላም አፍሮ ይህችን አባባል በይቅርታ መጠየቂያነት ያቀርባታል። ልቤ አዝኗል፣ ጥርሴ ግን ዘመድ አያውቅም ማለቱ ነው። በዚህች አጭር አባባል ውስጥ አንድ ከባድ ክስና አንድ መከላከያ አብረው ይገኛሉ። ክሱ፣ ሣቅ በሌላው ጉዳት ላይ የሚበቅል ደስታ ነው የሚል ሲሆን፣ መከላከያው ደግሞ ሣቂው በጥርሱ ላይ ሥልጣን የለውም የሚል ነው።

ይህ መከላከያ ይበቃልን? ሰው ለእጁ ሥራና ለአንደበቱ ቃል የሚጠየቅ ከሆነ፣ ለጥርሱ የማይጠየቅበት ምክንያት ምንድን ነው? ጥያቄውን በረቂቅ ሐሳብ ብቻ ከመመርመር ይልቅ፣ ማሣቅን ሥራቸው ያደረጉ ሰዎችን ይዞ መመርመር ይሻላል። በፊልም ታሪክ የታወቁት ጥንድ ቀልደኞች፣ ቀጥሎም እነርሱን ወርሶ በየቤቱ የገባው የቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም፣ ለዚህ ምርመራ የተመቹ ምስክሮች ናቸው። በጥንድ ቀልድ ውስጥ መቺና ተመቺ፣ ዐዋቂ ነኝ ባይና ሞኝ፣ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉና።

የአውሮፓ ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ የሰጡት ፍርድ ከእኛ አባባል ብዙ የራቀ አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሌቪያታን» በተባለው መጽሐፉ፣ ሰው የሚሥቀው ራሱን ከሌላው ጉድለት ጋር አስተያይቶ ድንገት የበላይነት ሲሰማው ነው ይላል። ፈረንሳዊው አንሪ ቤርግሶን ደግሞ በ1900 እ.ኤ.አ. ስለ ሣቅ ባወጣው ድርሰቱ፣ ሣቅ እንዲመጣ ልብ ለጊዜውም ቢሆን መደንዘዝ አለበት ሲል ያስረዳል። እንግዲህ ለሆብስ ጥርስ ትዕቢተኛ ነው፤ ለቤርግሶን ልብ ሲያንቀላፋ የሚነቃ ነው፤ ለእኛ ሰው ባዳ ነው። ሦስቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚሥቀውና የሚሣቅበት ተለያይተው የቆሙ ሁለት ሰዎች መሆናቸው ነው። የጥንድ ቀልደኞች ጥበብ ግን ይህን ልዩነት ሊያጠፋው እንደሚችል፣ ሲጎድልም ሊያሰፋው እንደሚችል ለማሳየት እንሞክራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስታን ሎሬልንና ኦሊቨር ሃርዲን እንመልከት። ሎሬል በ1890 እ.ኤ.አ. በሰሜን እንግሊዝ፣ ሃርዲ በ1892 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት የተወለዱ ናቸው። በ1927 እ.ኤ.አ. በሃል ሮች የፊልም ኩባንያ ውስጥ ተጣምረው መሥራት ጀመሩ። አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም፤ አንዱ ፈዛዛ፣ ሌላው ኩሩ። በ1932 እ.ኤ.አ. በወጣውና የአሜሪካን የፊልም አካዳሚ ሽልማት ባገኘው «የሙዚቃ ሣጥን» በተባለው አጭር ፊልም፣ ሁለቱ አንድ ፒያኖ ተሸክመው እጅግ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ይወጣሉ። ፒያኖው እያመለጠ ይወርዳል፤ እነርሱም ተከትለውት ይወርዳሉ፤ እንደገና ይወጣሉ። በመጨረሻ ከደረጃው ጫፍ ሲደርሱ አንድ የፖስታ ሠራተኛ፣ በጋሪ የሚያስወጣ መንገድ ከጎን እንደነበረ ይነግራቸዋል። ሁለቱም ያንን ያህል የደከሙበትን ፒያኖ መልሰው ያወርዱና፣ በመንገዱ በጋሪ ያወጡታል።

ይህን ያየ ሰው ይሥቃል። ነገር ግን የሚሥቀው በማን ላይ ነው? ሎሬል ሞኝ ነው፤ ሞኝነቱንም አይደብቅም። ሃርዲ ግን ዐዋቂ ነኝ ባይ ነው፤ ያዝዛል፣ ይቆጣል፣ ክራቫቱን ይነካካል። ሆኖም ከደረጃው ላይ እኩል ይወድቃል። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የሚመታው እርሱ ነው። ተመልካቹ ራሱን ከሎሬል የበለጠ ብልህ አድርጎ ሲያይ፣ ሳያስበው በሃርዲ ቦታ ይቆማል፤ ከሃርዲም ጋር አብሮ ይወድቃል። ሆብስ የተናገረለት ድንገተኛ የበላይነት ስሜት በሣቂው ላይ ተመልሶ የሚያርፈው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ሃርዲ በሎሬል የተነሣ ስንት ጊዜ ይጎዳል! ልብሱ ይቀደዳል፣ ቤቱ ይፈርሳል፣ ሥራው ይጠፋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን ሁለቱ አይለያዩም። አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ በሚቀጥለውም ፊልም አብረው ይመጣሉ። ጥፋትን ሁሉ የሚያስቀው ይህ አለመለያየት ነው። ጓደኛ የሌለው ሰው ከደረጃ ሲወድቅ ያሳዝናል፤ አንስቶ የሚያቆመው፣ ቆብዎንም አራግፎ የሚሰጠው ባልደረባ ያለው ሰው ሲወድቅ ግን ልባችን ሳይደነዝዝ ልንሥቅ እንችላለን። ርኅራኄው ከእኛ አስቀድሞ በሥዕሉ ውስጥ ገብቷልና። እንግዲህ ቤርግሶን ልብ መደንዘዝ አለበት ያለውን፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ልብን በሌላው ሰው ደረት ውስጥ በማስቀመጥ መልሰውታል ማለት ይቻላል።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በፊልሙ ፈዛዛ የሆነው ሎሬል፣ ከካሜራው በስተኋላ ቀልዱን የሚፈጥረውና የፊልሙን አቆራረጥ የሚከታተለው እርሱ ነበር። ደመወዙም ከሃርዲ እጥፍ እንደ ነበር ይታወቃል። ሃርዲ በ1957 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ፣ ሎሬል እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ድረስ ዳግመኛ በፊልምም ሆነ በመድረክ አልታየም። ሞኙ ብልህ ነበር፤ ያለ ባልደረባውም መሥራት አልፈለገም።

ሌላው ጥንድ የበድ አቦትና የሉ ኮስቴሎ ነው። በአገራችን አዝማሪ ቤት፣ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። ቀልድም እንዲሁ አቀባይና ተቀባይ አለው። አቦት አቀባይ ነበር፤ ፊቱን አኮሳትሮ ይጠይቃል፣ ይቆጣል፣ በጥፊም ይላል። ኮስቴሎ ተቀባይ ነበር፤ ይደናገራል፣ ይጮኻል፣ ሕዝቡንም ያሥቃል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ የመድረክ ልማድ፣ ጥሩ አቀባይ ከጥሩ አሣቂ ይልቅ ብርቅ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ በመጀመሪያው ዘመን ከገቢያቸው 60 በመቶ የሚወስደው አቦት ነበር። ኋላ ዝናው ሲያይል ኮስቴሎ ክፍያው እንዲገለበጥ አደረገ። በዚህ የተነሣ በመካከላቸው ቅሬታ ነበረ። ከዚህ የምንማረው፣ የጥንድነት ሚዛን ለራሱ ለጥንዱ እንኳ ቀላል አለመሆኑን ነው። አንዱ ያለ ሌላው ምንም አለመሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ማን ይበልጣል የሚለው ጥያቄ ግን አይተዋቸውም።

ለመሆኑ ይህ ሁለትም አንድም የመሆን ምስጢር የሆሊውድ ግኝት ነውን? አይደለም። ከባሮ ወንዝ ዳር ላለው የጋምቤላ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ጋምቤላ አኝዋ፣ ኑዌር፣ መዠንገር፣ ኦፖና ኮሞ የተባሉት ብሔረሰቦች ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር የሚኖሩበት አገር ነው። ከተማዋም ራሷ የመገናኛ ልጅ ናት። በ1902 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የወረደውን ቡና ይጭኑ ነበር። ጣቢያው በ1956 እ.ኤ.አ. ሱዳን ነጻ ስትወጣ ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ወደብ ተገናኝተዋል።

ከአኝዋ ተረቶች መካከል በጽሑፍ ከተመዘገቡት አንዱ ስለ ሰውና ስለ ውሻ ይናገራል። ጆክ የተባለው ፈጣሪ እንስሳትን ሁሉ ካስገኘ በኋላ ሰውን ያያል። ሰው ጠጉር የሌለው፣ ደካማና የማያምር ፍጡር ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ወስዶ እንዲጥለው ውሻን ያዝዘዋል። ውሻ ግን ትእዛዙን አይፈጽምም፤ ሰውን ደብቆ ያሳድገዋል። ኋላም ጦር የሚታደልበት ቀን ሲደርስ፣ ከሌሎቹ እንስሳት ቀድሞ ሄዶ እንዲወስድ ሰውን ይመክረዋል። ሰውም ጦሩን ያገኛል፤ ዘግይተው የመጡት እንስሳት በጦር ፈንታ ቀንድና ጥርስ፣ ጥፍርም ይሰጣቸዋል።

በዚህ ተረት ሞኙ ማን ነው? ምንም የማያውቀው፣ ራቁቱን የቀረው፣ መካሪ የሚሻው ፍጡር ሰው ነው። ብልሁ ውሻ ነው። ዛሬ ግን ሰው «ውሻ» የሚለውን ስም ለስድብ ይጠቀምበታል። ተረቱን የሚሰማ ልጅ በሰው ደካማነት ሲሥቅ በራሱ ላይ መሣቁ ነው፤ ውሻን ሲያደንቅም ውለታን መማሩ ነው። የበላዩ ማን፣ የበታቹ ማን እንደ ሆነ የሚያምታታ፣ አንዱንም ከሌላው የማይነጥል ጥንድ ይህ ነው።

የኑዌር ሕዝብ ደግሞ ስለ መንታ የሚናገረው አለ። እንግሊዛዊው የሕዝቦች ባህል ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ ኑዌር ሃይማኖት ባሳተመው መጽሐፍ እንደ መዘገበው፣ ኑዌሮች መንታ ልጆች ሁለት ሰዎች ሳይሆኑ አንድ ሰው ናቸው ይላሉ። ሁለት አካል መሆናቸው ጠፍቷቸው አይደለም፤ ከዓይን በላይ የሆነ አንድነት እንዳላቸው ለመናገር ነው። ይህ አነጋገር ስለ መንታ የተነገረ እንጂ ስለ ቀልደኛ የተነገረ አይደለም። ቢሆንም፣ ሁለት አካል አንድ ሰው ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ለምንመረምረው ጥንድነት ከሁሉ የተሻለ ማብራሪያ ይመስለናል። ሎሬልና ሃርዲም በየሰዉ ውስጥ ያሉት ሁለት ጠባዮች፣ ማለት ሕፃኑና አዛዡ፣ በሁለት አካል ሲታዩ ናቸው።

በአፍሪካ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ፣ ለምሳሌ በአማቾች መካከል፣ መቀላለድና መሰዳደብ የተፈቀደበት ዝምድና እንዳለ ራድክሊፍ ብራውን የተባለው ምሁር በ1940 እ.ኤ.አ. አስረድቷል። ስድቡ የማያስቀይመው ዝምድናው የማይቆረጥ ስለሆነ ነው። ይህ ለጥያቄያችን ቁልፍ ይሰጠናል። ቀልድ የሚፈቀደው መለያየት በማይቻልበት ስፍራ ነው። መለያየት በሚቻልበት ስፍራ የተነገረ ቀልድ ግን የመለያየት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ይህን ቁልፍ ይዘን ወደ ካርቱን ፊልም እንግባ። ጥንድ ቀልደኞች ወደ ሥዕል የተሸጋገሩት ገና በሕይወት ሳሉ ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካን ካርቱን አቦትንና ኮስቴሎን ሁለት ድመቶች አድርጎ አሳይቷቸዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ኋላ ቶምና ጄሪ ተብለው የታወቁትን ድመትና አይጥ ፈጠሩ። እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ድረስ በወጡት 114 አጫጭር ፊልሞችም ሰባት የአካዳሚ ሽልማት አገኙ። ልብ ብሎ ለሚያይ፣ ይህንንም ዝነኛ ጥንድ የሠሩት ጥንድ ሰዎች ናቸው።

በ1957 እ.ኤ.አ. ያሠራቸው የነበረው ኩባንያ የካርቱን ክፍሉን ሲዘጋ፣ ሃናና ባርቤራ ለቴሌቪዥን መሥራት ጀመሩ። ቴሌቪዥን የሚከፍለው ገንዘብ ለሲኒማ ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ነበር። ስለዚህ የሥዕሉን ብዛት ቀነሱ፤ አካሉ ቆሞ አፍና ዓይን ብቻ እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። መሮጥና መውደቅ ብዙ ሥዕል ይጠይቃል፤ ቆሞ መነጋገር ግን ጥቂት ይበቃዋል። ለመነጋገር ደግሞ ሁለት መሆን ያስፈልጋል። ጥንድ ቀልደኛ ለቴሌቪዥን ካርቱን ያስፈለገው በጥበብ ምክንያት ብቻ ሳይሆን በገንዘብ እጥረትም ነው። የመጀመሪያ የቴሌቪዥን ሥራቸው የአንድ ውሻና የአንድ ድመት ጥንድ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. ዮጊ የተባለው ድብ ከትንሹ ባልደረባው ጋር መጣ። በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ በድንጋይ ዘመን የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞችን የሚያሳየው «ፍሊንትስቶንስ» ተጀምሮ እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ቆየ። የእነዚህ ምንጭ በ1955 እና በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታዩት አንድ የአውቶቡስ ሹፌርና አንድ የከተማ ፍሳሽ ቦይ ሠራተኛ ናቸው፤ ጃኪ ግሊሰንና አርት ካርኒ የተጫወቷቸው።

እንግዲህ ካርቱን የጥንዶቹን ርስት ለሁለት ተካፍሎታል ማለት ነው። አንደኛው ወገን ወዳጅነቱንና ንግግሩን ወሰደ፤ ፍሊንትስቶንስና ዮጊ ከዚህ ናቸው። ሁለተኛው ወገን ምቱንና መውደቁን ወሰደ፤ ቶምና ጄሪ ከዚህ ናቸው። በሎሬልና በሃርዲ ዘንድ ግን ምቱና ወዳጅነቱ አንድ ላይ ነበሩ። ጓደኛውን የሚጎዳውም፣ የተጎዳውን የሚያነሣውም ያው አንድ ሰው ነበር። በቶምና በጄሪ ዓለም ድመቱ በመጥበሻ ይመታል፣ ፊቱ የመጥበሻውን ቅርጽ ይይዛል፣ ወዲያውም ደኅና ይሆናል። የሚያነሣው አያስፈልገውም፤ ምክንያቱም አልተጎዳም። ሥዕል አይደማም፣ አያረጅም፣ አይሞትም።

ሥዕል አለመሞቱ ምን ያህል ትርፍና ምን ያህል ኪሣራ እንደ ሆነ ለማየት አንድ እውነተኛ ታሪክ ይበቃል። ኮስቴሎ በ1959 እ.ኤ.አ. ሞተ። በ1967 እ.ኤ.አ. የሁለቱ ታሪክ በካርቱን ተሠርቶ በቴሌቪዥን ሲቀርብ፣ በሽምግልና ላይ የነበረው አቦት ለራሱ ሥዕል ድምፁን ሰጠ። የኮስቴሎን ድምፅ ግን ሌላ ሰው ተጫወተው። በክፍያና በክብር የተቃቃረ፣ ዳሩ ግን አንድ ሰው የነበረ ጥንድ፣ በመጨረሻ አንደኛው ለሞተው ባልደረባው ሥዕል ቀልድ ሲያቀብል ቀረ። ይህንን የሚያውቅ ሰው ካርቱኑን ሲያይ ይሥቅ ይሆናል፤ ጥርሱ ግን በዚያች ሰዓት ባዳ ሊሆን አይችልም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ልጅ ሥዕልን ከእውነት ለይቶ ያውቃል፤ በቶም መመታት ሣቀ ማለት በሰው መመታት ይሥቃል ማለት አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በቶምና በጄሪ ትንሹ ትልቁን ያሸንፋል፤ ይህም ለደካሞች መጽናኛ ነው፣ እንደ ዳዊትና እንደ ጎልያድ የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። እንዲያውም ቶምና ጄሪ አንዱ ሲጠፋ ሌላው የሚተክዝባቸው ፊልሞች አሉ፤ ስለዚህ ጥንድነቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ችግሩ ምቱ አይደለም። ችግሩ ምቱ የማንም ዕዳ አለመሆኑ ነው። በሃርዲ ፊት ላይ ሲመታ የሚታየው ያ ረጅም፣ ወደ ተመልካቹ የሚመለከት የትካዜ ዓይን፣ «አንተም አይተሃል፤ ምስክር ነህ» የሚል ነበር። ካርቱን ጊዜ ስለሌለው ያንን ዓይን አስቀርቶ ወደሚቀጥለው ምት ያልፋል። ልጁ ምትን ያያል፤ ከምት በኋላ ያለውን ዝምታ ግን አይማርም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የእንስሳት ቀልድ ለመድረካችን አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር ተብሎ የሚጠራው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ የቀረበ ሲሆን፣ በእንስሳት አፍ የሰዎችን ጉድለት ስለ ገለጠ ታግዷል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ አባባ ተስፋዬ የተባሉት ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ በልጆች ፕሮግራም የእንስሳትን ተረት ነግረዋል። እርሳቸው ጥንድ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ አንበሳውም ጦጣዋም በአንድ አንደበት ይናገሩ ነበርና። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ፕሮግራም አንዲት የአሻንጉሊት ቀጭኔ የልጆች ወዳጅ ሆናለች። በጎልማሶች ዘንድ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ በጥንድነት ሕዝቡን ያሣቁ ናቸው። የአንዱ ስም ሲጠራ የሌላው ስም አብሮ መምጣቱ ሁለት ሆነው አንድ ለመሆናቸው ምስክር ነው።

ነገር ግን በአገራችን ቀልድ ውስጥ፣ በመድረክም በማኅበራዊ ጨዋታም፣ የቆየ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም አማርኛን በሌላ ቋንቋ ቃና የሚናገረውን፣ ከተማ ያልለመደውን፣ ወይም መልኩ ከተመልካቹ የተለየውን ሰው እየመሰሉ ማሣቅ ነው። ከጋምቤላ ወደ መሐል አገር ለትምህርት ወይም ለሥራ የሄደ ወጣት በአነጋገሩ ወይም በመልኩ ሲቀለድበት፣ «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው መከላከያ ምን ያህል እንደሚያጽናናው መጠየቅ ይገባል። ለሣቂው ጥርስ ባዳ መሆኑ ይቅርታ ነው፤ ለሚሣቅበት ግን ፍርድ ነው። ባዳው እርሱ መሆኑን የሚነግረው ነውና።

ታዲያ በቃና መሣቅ ሁልጊዜ ነውር ነውን? የሎሬልና የሃርዲ ታሪክ እዚህም ላይ ይረዳናል። ድምፅ ያለው ፊልም እንደ ተጀመረ፣ በ1930 እና በ1931 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ፊልሞቻቸውን ደጋግመው በስፓንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በጣልያንኛ ተጫውተዋል። ቋንቋዎቹን ስለማያውቁ፣ ቃሉ እንደሚነበብበት ድምፅ ተጽፎላቸው እያዩ ይናገሩ ነበር። በዚህ የተፈጠረውን እንግዳ ቃና የጣልያን ሕዝብ እጅግ ስለ ወደደው፣ በኋላ ድምፃቸውን የተኩት የጣልያን ተዋንያን እንኳ ሆን ብለው የእንግሊዝኛ ቃናውን ጠብቀውታል። ሕዝቡ በቃናው ሥቋል። ነገር ግን ቃናው የገዛ ራሳቸው ነበር፤ የሌላውን ቤት ቋንቋ ለመናገር በመድፈራቸው የመጣ እንጂ፣ በሌሉበት ከእነርሱ የተሰረቀ አልነበረም።

ከዚህ በመነሣት ቀልድን የምንመዝንባቸው ሦስት ጥያቄዎች ይታዩናል። የሚሣቅበት ሰው በስፍራው አለን? ሣቂውና የሚሣቅበት ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉን? ቀልዱ ሲያበቃ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉን? የሦስቱም መልስ አዎን ከሆነ፣ ምቱ ቢበረታም ሣቁ ንጹሕ ነው። መልሱ አይደለም ከሆነ ግን፣ ቀልዱ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን፣ ከሣቁ በኋላ በባዶ ስፍራ የሚቀር አንድ ሰው አለ። እነዚህ ጥያቄዎች ቀልድን በሕግ ለማሰር የቀረቡ አይደሉም። የታሰረ ቀልድ ቀልድ አይሆንም፤ «የአውሬዎች ኮመዲያ» መታገዱም ያስተማረን ይህንኑ ነው። ጥያቄዎቹ ሣቂው ራሱን የሚጠይቅባቸው ናቸው።

ጉዳዩ ለጋምቤላ ከሩቅ ከተማ ቀልድ ያለፈ ነው። በክልሉ ውስጥ በመሬት፣ በከብትና በሥልጣን ምክንያት አንዱ ሕዝብ ከሌላው ጋር የተጋጨባቸው፣ ደም የፈሰሰባቸው ዓመታት ነበሩ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ እጅግ ብዙ ስደተኞች በክልሉ ተጠልለዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ልጆች በምን እንደሚሥቁ ቀላል ነገር አይደለም። ሎሬልና ሃርዲ በ1929 እ.ኤ.አ. በሠሩት አንድ ድምፅ አልባ ፊልም፣ የገና ዛፍ እየዞሩ ሲሸጡ ከአንድ ባለቤት ጋር ይጣላሉ። እርሱ መኪናቸውን ሲሰባብር ቆመው ያያሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ቤቱን ያፈርሳሉ፤ እርሱም ቆሞ ያያል። በመጨረሻ መኪናም ቤትም አይተርፍም። በቀልን እንደ ወግ ተራ በተራ ሲፈጽሙት ማየት ያሥቃል። ቤቱ ለፈረሰበትና ዘመዱ ለሞተበት ሰው በቀል የሚያሥቅ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን በቀል ከንቱ መሆኑን፣ ማንንም ሳይሰድብና ማንንም ሳይወቅስ ሊያሳይ የሚችል፣ ለሚያዩትም ሁሉ አስተርጓሚ የማያሻው ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ የአካል ቀልድና የካርቱን ፊልም ትልቅ በጎነት ይገለጣል። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር፣ መውደቅና መነሣት በሁሉም ቋንቋ አንድ ናቸው። የአኝዋው ልጅና የኑዌሩ ልጅ፣ የመዠንገሩና ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ልጅ፣ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው በአንድ ጊዜ ሊሥቁ ይችላሉ። አብሮ መሣቅ ብቻውን ሰላም አያመጣም። ሆኖም አብሮ የሣቀ ሰው፣ ቢያንስ ለዚያች ቅጽበት፣ ከሌላው ጋር በአንድ ወገን ቆሟል። በማን ላይ እንደ ሣቁ የሚለው ጥያቄ ግን ይቀራል። አብረው የሣቁት በሌላ ሦስተኛ ልጅ ላይ ከሆነ፣ አንድነታቸው የተሠራው በእርሱ ዋጋ ነው።

ስለዚህ የእኛ ሠዓሊዎችና የፊልም ባለሙያዎች ከውጭ የመጣውን ጥንድ መቅዳት ብቻ ሳይሆን፣ በእጃቸው ያለውንም ቢመለከቱ መልካም ነው። የሰውና የውሻ ተረት ለካርቱን የተፈጠረ ይመስላል፤ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ይከራከራሉ፣ ይፈራሉ፣ ፈጣሪን ሳይቀር በብልሃት ይቀድማሉ። ጠጉር የሌለውና የሚንቀጠቀጠው ሰው ያሥቃል። የሚያሥቀን ግን ስለምንበልጠው አይደለም፤ እኛው ራሳችን ስለሆንን ነው። አጠገቡም የታዘዘውን ያልፈጸመ፣ ሊጥለው ሲችል ያልጣለው ባልደረባ አለ።

ጥርስ ባዳ ሆኖ ይፈጠር ይሆናል። ሕፃንም ባዳ ሆኖ ወደ ቤት ይገባል፤ የቤተሰቡን ስም የሚማረው ቀስ በቀስ ነው። ጥርስንም ዘመዶቹን ማስተማር ይቻላል፤ ጥሩ ቀልደኞች ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ይኸው ነው። አንድ ሕዝብ ምን ያህል እንደ ሠለጠነ ለማወቅ የሚሻ ሰውም፣ በምን እንደሚያዝን ብቻ ሳይሆን፣ ሲሥቅ ማንን ከጎኑ እንዳቆመ ይመልከት።